ፋይሉን ለመዝገብ ቤቱ ስጡት

ይህ ጽሑፍ ኮምቦልቻ ውስጥ ለወጣት ፕሮግራመሮች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ የመጣችሁትን በተለይ አመሰግናለሁ። ጠመዝማዛው ላይ ጭጋግ እንደነበር ሰምቻለሁ።

«ፋይልዎ ጠፍቷል» ተብሎ የማያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። ማንም የለም አይደል?

እኔ ይህን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ልጅ ሆኜ ነው። አባቴ ለአንድ የቤት ጉዳይ ቢሮ ሲሄድ አስከትሎኝ ነበር። የፋይል ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በመስኮቱ አቀበለ። ሰውየው ገባ፣ ቆየ፣ ባዶ እጁን ወጣ። «ጋሼ፣ ፋይልዎ ጠፍቷል። ነገ ይመለሱ» አለው። ያ ነገ ስምንት ወር ፈጀ። አባቴ ሲመላለስ የነበረበት ፊት እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ነገር የሚቀር መስሎኝ ነበር። ወደዚህ ሙያ የገባሁትም በዚያ ተስፋ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ፋይል ነው፤ ተጠቃሚ አፕሎድ የሚያደርገውን ፎቶ፣ ሰነድ፣ የራጅ ምስል የት እናስቀምጣለን፣ እንዴትስ መልሰን እናገኘዋለን የሚለውን። አብዛኞቻችሁ በፓይተን የምትሠሩ ስለሆነ ምሳሌዎቼን ከጃንጎ፣ በፓይተን ድረ ገጽ ከሚሠራበት ማዕቀፍ፣ እወስዳለሁ። በፒኤችፒ የሚሠራውን አቻውን ላራቬልን የምትጠቀሙም አብሽሩ፣ ሐሳቡ አንድ ነው።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ደሴ ውስጥ ለአንድ የግል ክሊኒክ የታካሚ መዝገብ ሠራሁ። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ የካርድ ቁጥር ታስገባለች፣ የታካሚው ታሪክ ይወጣል፣ የራጅ ምስሉ ከሥሩ ይታያል። ሰርቨሩ ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። ጃንጎ ለፋይል የሚሆን የራሱ ፊልድ፣ ማለትም መዝገቡ ላይ አንድ መረጃ የሚሞላበት ቦታ፣ አለው፤ ፋይልፊልድ ይባላል። እኔ ግን እሱን ትቼ ተራ የጽሑፍ ፊልድ አደረግኩ። ምስሉን ኦፕን በሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ራሴ ዲስክ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ያለውን ሙሉ አድራሻ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ውስጥ አስቀምጣለሁ። ይሠራ ነበር። አንድ ዓመት ያለ ችግር ሠራ።

ከዚያ ክሊኒኩ አዲስ ኮምፒውተር ገዛ። እሑድ ከኮምቦልቻ ወጣሁ፣ ዳታቤዙን አዛወርኩ፣ የምስሎቹን ፎልደር ገለበጥኩ፣ ሲስተሙ መከፈቱን አየሁና ተመለስኩ። አዲሱ ማሽን ላይ ፎልደሩ የተቀመጠው ግን ሌላ ቦታ ነበር። ዳታቤዙ ውስጥ ያሉት አድራሻዎች በሙሉ የድሮውን ማሽን ያመለክታሉ።

ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ከኩታበር ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ከሁለት ወር በፊት ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ዶክተሩ አጥንቱ እንዴት እንደገጠመ ለማየት የመጀመሪያውን ራጅ ፈለገ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ጫን ብታደርግ ምስሉ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ምስል ሳይገኝ ሲቀር የምትመጣው ያቺ የተሰበረች ትንሽ ምልክት ብቻ ወጣች። ደግማ ጫነች። ሲስተሙን ዘግታ ከፈተች። በመጨረሻ «እናቴ፣ የድሮው የለም፣ ዶክተሩ ያለ እሱ ይይልሽ» አለቻት። ዶክተሩ ያለ እሱ መወሰን ስላልፈለገ በሌላ አቅጣጫ ጭምር ራጅ እንዲነሳ አዘዘ። እናትየው ከነጠላዋ ጫፍ ብር ፈትታ ቆጥራ ከፈለች።

ከሰዓት ስደርስ በግማሽ ሰዓት አስተካከልኩት። ምስሉ አንድም ቀን አልጠፋም ነበር፣ አድራሻው ብቻ ነው የተሳሳተው። እናትየዋ ግን ሄዳለች። የሆነውን የነገረችኝ የካርድ ክፍሏ ልጅ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው ጥሩ መዝገብ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። የቢሮው ኃላፊ መደርደሪያ ውስጥ ገብቶ ፋይል አይፈልግም። የፋይሉን ቁጥር ይጽፋል፣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ያመጣለታል። መደርደሪያው ቢቀየር፣ ክፍሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ቢዛወር፣ ማወቅ ያለበት ያ ሠራተኛ ብቻ ነው። ኃላፊው የያዘው ቁጥር አይለወጥም።

በጃንጎ ውስጥ ያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስቶሬጅ ይባላል። ፋይልፊልድ ስትጠቀሙ ዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው አጭር ስም ብቻ ነው። «ራጅ፣ ከዚያ ዓመቱ፣ ከዚያ የፋይሉ ስም» እንደማለት ነው። ዋናው ፎልደር የት እንዳለ የሚጻፈው ሴቲንግ ላይ፣ ሚዲያ ሩት የሚባለው አንድ መስመር ላይ ነው። ማሽን ብትቀይሩ ያንን አንድ መስመር ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። እኔ ያን እሑድ ማድረግ የነበረብኝ ይኸው ነበር።

ስቶሬጁን የምትጠይቁት ነገር ጥቂት ነው። አስቀምጥልኝ፣ ክፈትልኝ፣ አለ ወይ፣ አጥፋልኝ፣ ሊንኩን ስጠኝ። ከዚህ ውጭ የመደርደሪያውን ነገር ለእሱ ተዉለት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ሲወድቅበት አይቻለሁ። ፋይልፊልድ «ፓዝ» የሚባል ነገርም ይሰጣችኋል፣ ዲስክ ላይ ያለውን ሙሉ አድራሻ ማለት ነው። በላፕቶፓችሁ ላይ ደስ ብሎት ይሠራል። ነገ ፋይሎቹን ወደ ክላውድ፣ በኢንተርኔት ወደሚከራይ ማከማቻ፣ ስታዛውሩ ግን ፋይሉ በማሽናችሁ ዲስክ ላይ ስለማይሆን፣ ፓዝ የጠራ ኮድ ሁሉ ስህተት እያወጣ ይቆማል። ስለዚህ ፋይል ማንበብ ስትፈልጉ ስቶሬጁን «ክፈትልኝ» በሉት። ለተጠቃሚ ለማሳየት ከሆነ «ሊንኩን ስጠኝ» በሉት። ፓዝን እርሱት።

ከድሮ መማሪያ የምትማሩ ደግሞ ይህን ያዙ። የትኛው ስቶሬጅ እንደሚሠራ የሚነገረው ድሮ «ዲፎልት ፋይል ስቶሬጅ» በሚባል ሴቲንግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ጃንጎ 4.2 «ስቶሬጅስ» የሚባል አንድ መዝገብ ተተካለት፣ ከ5.1 ጀምሮ ደግሞ የድሮው ጭራሹኑ ተነሥቷል። የድሮውን ጽፋችሁ «ለምን አይሰማኝም» ብላችሁ ሌሊቱን እንዳታነጉ።

ላራቬል ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ፍላይሲስተም የሚባል ላይብረሪ ነው፤ ከላራቬል 5 ጀምሮ አብሮት አለ። እዚያ መደርደሪያዎቹ «ዲስክ» ይባላሉ። ላራቬል ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ችግር ሌላ ነው። ለሕዝብ የሚታየው ፎልደር የሚገናኘው በአቋራጭ ሊንክ ስለሆነ፣ ፕሮጀክቱን በዚፕ ወደ ሰርቨር ስትጭኑ አቋራጩ ይቀራል። ፎቶዎቹ በሙሉ አልታይ ካሉ መጀመሪያ እሱን እዩ፤ ሊንኩን የሚፈጥረውን ትእዛዝ ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ማስኬድ ነው።

አሁን ወደ ፋይል ስም ልምጣ። ይህ ጉዳይ ከሌላው ይልቅ እኛን ይመለከተናል፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ፋይሉን በአማርኛ ይሰይማል። መሰየምም አለበት።

አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው፣ ኮምፒውተር ፊደልን በሚጽፍበት ኮድ፣ ሦስት ባይት ይይዛል። ብዙዎቹ የሊኑክስ ሰርቨሮች የሚጠቀሙት የዲስክ አደረጃጀት ደግሞ ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። 255ን ለሦስት አካፍሉት። 85 ፊደል ነው። ለእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሆነው ቦታ ለእኛ 85 ነው ማለት ነው። አሁን የደብዳቤዎቻችንን ርእስ አስቡ። «ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተላከ የሁለተኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት» ብሎ የሚጀምር ፋይል በመጀመሪያው ብቻ የቦታውን ግማሽ ይጨርሳል። የጃንጎ ፋይልፊልድ ራሱ ካልነገራችሁት እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል። እሱ የሚቆጥረው ግን ፊደል ነው፣ ዲስኩ የሚቆጥረው ባይት። ስለዚህ 90 ፊደል ያለው የአማርኛ ስም በጃንጎ በኩል ያልፍና ዲስኩ ላይ ሲደርስ «ስሙ ረዘመ» ተብሎ ይመለሳል። ተጠቃሚው የሚያየው «ሰርቨር ኤረር» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ስም ሞክራችሁ ብታልፉት ይህን ችግር በጭራሽ አታገኙትም።

ሌላም አለ። ስሙን ለማሳመር ስለጊፋይ የሚባለውን የጃንጎ መሣሪያ የምትጠቀሙ፣ ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት የያዘውን ኮድ) ፍቀድ ካላላችሁት የአማርኛውን ፊደል በሙሉ ጠርጎ ያወጣዋል። «ወሎ» ብላችሁ ብትሰጡት ባዶ ነው የሚመልስላችሁ። ፊደላችንም ራሱ ጉዳይ አለው። አንዱ «ፀሐይ» ይላል፣ ሌላው «ጸሀይ» ይላል፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ፋይል ነው። በስም ፈልጎ ያጣ ሰው ደግሞ «ጠፍቷል» ነው የሚለው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ዲስኩ ላይ የሚቀመጠውን ስም ሲስተሙ ራሱ በዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር ያወጣል። ተጠቃሚው የሰጠው የአማርኛ ስም ደግሞ ዳታቤዝ ውስጥ በራሱ ፊልድ እንዳለ ይቀመጣል። ሰውየው መልሶ ሲያወርድ የራሱን ስም ያገኛል። ስሙን አክብሩለት። «እባክዎ በእንግሊዝኛ ይሰይሙ» የሚል መልእክት ሳይ ያናድደኛል። ችግሩ የእኛ ሆኖ ሳለ ለእሱ ነው የምንሰጠው።

ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፤ ስሞች አይጋጩም። ሁለት ተማሪ «ፎቶ» የሚል ፋይል ቢልክ ምን ይሆናል? በሰጡት ስም ቢቀመጥ እንኳ ስቶሬጁ ተመሳሳይ ስም ሲያይ ከኋላው ሰባት የዘፈቀደ ፊደል ጨምሮ ይለየዋል። እንደ እኔ በኦፕን ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ግን የሁለተኛው የመጀመሪያውን ደፍጥጦ ይቀመጣል። ማንም ሳያውቅ የሰይድ መታወቂያ ላይ የአበበ ፎቶ ይወጣል።

ስለ መጠን ባጭሩ። ጃንጎ እስከ 2.5 ሜጋባይት ያለውን ፋይል ሚሞሪ ላይ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ትልቅ ፋይል ስታነቡ በአንዴ አትዋጡት፣ ቻንክስ በሚባለው እየቆረሳችሁ አንብቡ። ከጃንጎ ፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለውን፣ የተጠቃሚውን ጥያቄ ቀድሞ የሚቀበለውን ሶፍትዌር፣ ካስቀመጣችሁ ደግሞ እሱ ካልነገራችሁት ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፣ 413፣ «በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ከዚያ በላይ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ የሠራው ሰርቨር ላይ እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሰው የሚከፍለውን ዳታ አስቡ። የመታወቂያ ፎቶ ለመላክ 5 ሜጋባይት አያስፈልግም። ምስሉ ገና ስልኩ ላይ እያለ፣ ብራውዘሩ ውስጥ፣ አሳንሶ መላክ ይቻላል። ኔትወርኩ በደከመ ቀን ይህ የሚልክ ሰውና ተስፋ የሚቆርጥ ሰው መካከል ያለ ልዩነት ነው። የራጅ ምስል ግን አታሳንሱ። ዶክተሩ የሚፈልገው ያንኑ ቀጭን መስመር ነው።

መሰረዝ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጃንጎ ላይ አንድ መዝገብ ከዳታቤዝ ብትሰርዙ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ይቀራል። ድሮ አብሮ ይሰረዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 1.3 ይህ ቀረ። ምክንያቱ ትክክል ነው። ዳታቤዝ «ተውኩት» ብሎ ሥራውን መመለስ ይችላል፣ የተሰረዘ ፋይል ግን አይመለስም። ፋይሉ ተሰርዞ መዝገቡ ቢመለስ ያቺ የተሰበረች ምልክት ትመጣለች። በሌላ በኩል ሲቀመጥም ፋይሉ ቀድሞ ይጻፋል፣ መዝገቡ ቀጥሎ ይገባል። በመሃል መብራት ከሄደ ባለቤት የሌለው ፋይል ይቀራል። ባለቤት የሌለው ፋይል ቦታ ቢይዝ ነው፣ ሰው አይጎዳም። ፋይል የሌለው መዝገብ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ መሰረዝ ካለባችሁ ዳታቤዙ ሥራውን ጨርሶ ካጸደቀ በኋላ ይሁን፣ ለዚህ ጃንጎ «ኦን ኮሚት» የሚባል መንገድ ሰጥቷችኋል። የተረፈውን በወር አንዴ የሚጠርግ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። የሚዲያ ፎልደራችሁን ኤንጂንኤክስ በቀጥታ እንዲሰጥ ካደረጋችሁ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያየዋል። ሲስተሙ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም። ፓስወርድ አይጠየቅም። የሱቅ ዕቃ ፎቶ ከሆነ ይሁን። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ቢሆንስ? የሰው መታወቂያ ቢሆንስ? እንደ ደሴ ባለ ከተማ ሰው ይተዋወቃል፣ አንድ ሊንክ በቴሌግራም ከወጣ በማግሥቱ ገበያው ድረስ ይሰማል። ሕጉም ዝም አላለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው ያስቀመጠው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሁለት መደርደሪያ ይኑራችሁ፣ አንዱ ለሁሉም የሚታይ፣ አንዱ የተቆለፈ። የተቆለፈው ጋ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ጃንጎ ይምጣ። ጃንጎ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ይህን ማየት ይችል እንደሆነ ያጣራ። ከፈቀደ በኋላ ፋይሉን የማድረሱን ሥራ ለኤንጂንኤክስ በውስጥ መስመር ያስተላልፍ። ክላውድ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ሲያልፍ የሚሞት ሊንክ መስጠት ይቻላል። የካርድ ክፍል በር ላይ «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ለዚሁ ነው የተለጠፈው።

ቀጥሎ ያለውን ለመናገር ለእኔም ይከብደኛል፣ ለእናንተም ለመስማት ሊከብድ ይችላል። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ደሴና ኮምቦልቻን ያገኛቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሆስፒታል ተዘረፈ፣ ሙዚየም ተዘረፈ፣ ፋብሪካ ተዘረፈ። በኅዳር መጨረሻ ስንመለስ ስንት ቢሮ ወረቀቱ መሬት ላይ ተበትኖ፣ ኮምፒውተሩ ተነቅሎ እንዳገኘነው እናንተም አይታችኋል። እኔ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ነበረው። ሰርቨሩ ኮምቦልቻ፣ ባክአፑ ደሴ። 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ሁለቱም ሄዱ።

ስለዚህ አንድ ቅጂ ከዚህ አካባቢ ውጭ ይሁን። አዲስ አበባ ይሁን፣ ባሕር ዳር ይሁን፣ ክላውድ ይሁን። የውጭ ክፍያ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። የአማዞን የክላውድ ማከማቻ ኤስ 3 እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር ያመጣው የፋይል አጠራር ዛሬ የብዙዎች መግባቢያ ሆኗል፣ በራሳችሁ ማሽን ላይ የምትጭኑት ሶፍትዌርም ያንኑ ቋንቋ ይናገራል። ኮዳችሁ በስቶሬጁ በኩል ከሄደ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር የሴቲንግ ጉዳይ ነው። ባክአፕ ስትወስዱ ደግሞ መጀመሪያ ዳታቤዙን፣ ቀጥሎ ፋይሎቹን ውሰዱ። እንዲያ ከሆነ፣ በመሃል የገባ አዲስ ነገር ቢኖር የሚተርፈው ባለቤት የሌለው ፋይል ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ፋይል የሌለው መዝገብ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ንግግሩ እዚህ ላይ ነበር ያበቃው። ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁለቱን ላክል።

አንድ ወንድም «ለምን ፋይሉን ራሱን ዳታቤዝ ውስጥ አንከተውም? ያኔ አድራሻ የሚባል ጣጣ አይኖርም» አለኝ። ይቻላል። ጥቂትና ትንንሽ ለሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ለፊርማ ምስል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፤ መዝገቡና ፋይሉ አብረው ገብተው አብረው ይወጣሉ። ለራጅ ግን አላደርገውም። ዳታቤዙ ያብጣል፣ ባክአፑ በየሌሊቱ ሰዓታት ይፈጃል፣ አንድ ምስል ባየ ቁጥር ዳታቤዙ ይጠመዳል።

አንዲት ተማሪ ደግሞ «እኔ ያለኝ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፍላሽ ነው። ከየት ልጀምር?» አለች። መጀመሪያ ኮድሽ ውስጥ ሙሉ አድራሻ የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ ፈልጊ አልኳት። ቀጥሎ ባክአፑን በፍላሹ ወስደሽ የጓደኛሽ ላፕቶፕ ላይ ከዜሮ አስነሺው። ፎቶዎቹ እዚያ ካልተከፈቱ ባክአፕ የለሽም ማለት ነው።

ሰው ሲወጣ ላፕቶፗን ከፍታ አብረን ፈለግን። ሰባት ቦታ አገኘን። አራቱን ቆመን እያለን አስተካከለች። ከዚያ መብራት ሄደ፣ የቀሩትን ሦስቱን በባትሪ ጨረሰቻቸው።